ለታይፒንግ ልምምድ ሲምባሉን እንዴት ላደራጀው?

የላብ መምህር፦
ሰላም ለሁላችሁ። የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች የድረ ገጽ አድራሻ ሲጽፉ አንድ ፊደል እየሳቱ ብዙ ጊዜ ይባክናል። ስለዚህ ልምምዶቹን ሲምባሉ (ሊንኮችን በሥዕል ሣጥን የሚደረድር ድረ ገጽ) ላይ በሥዕል ደርድሬ በአንድ ክሊክ እንዲገቡ አስቤያለሁ። ኮምፒውተሮቹ ዊንዶውስ 10 ናቸው፤ ተማሪዎች ይፈራረቁባቸዋል። እንግሊዝኛም አማርኛም ይለማመዳሉ። ስንት ታይል (የሊንክ ሣጥን) ይበቃል? ምን ምን ልጠንቀቅ?

ኪቦርድ፦
መምህር፣ ታይል አያብዙ። ለጀማሪ ከስድስት ካለፈ ልጁ ልምምዱን ትቶ ሥዕል ሲመርጥ ይውላል። አካውንት የሚያስፈልገው ለእርስዎ ብቻ ነው። አዲስ ዌብሚክስ (ታይሎቹ የሚደረደሩበት ገጽ) ይክፈቱ፣ ባዶውን ሣጥን ይጫኑ፣ ሊንኩን ይለጥፉ፣ ስምና ቀለም ሰጥተው ሴቭ ያድርጉ። ሊንኩ የመነሻ ገጹ ሳይሆን የትምህርቱ ገጽ ይሁን፤ አለዚያ ልጆቹ ማስታወቂያና ጨዋታ ውስጥ ገብተው ይቀራሉ። በመጨረሻ ሼር ሲሉ የሚያገኙትን ሊንክ በየማሽኑ ክሮም ላይ፣ ሴቲንግ ውስጥ ኦን ስታርትአፕ የሚለው ጋ ያስገቡት።

ኪይበር የተባለውን የታይፒንግ መለማመጃ ድረ ገጽ ካስገቡ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ሳይመዘገቡ ሲሠሩበት ውጤቱን የሚያስቀምጠው ብሮውዘሩ ላይ ነው፤ አዳዲስ ፊደል የሚጨምረውም በዚያ ውጤት ተመርኩዞ ነው። ማሽኑ ላይ ቀጥሎ የሚቀመጠው ልጅ የሌላውን ደረጃ ይወርሳል። ለሚፈራረቅ ክፍል ታይፒንግ ክለብ የተባለው የልምምድ ድረ ገጽ ላይ ለእያንዳንዱ ተማሪ መግቢያ መክፈት ይሻላል።

ሳድስ፦
ትልቁ ችግር ሌላ ቦታ ነው። አማርኛው እንደበራ ወደ እንግሊዝኛ ልምምድ የገባ ልጅ የሚነካው ቁልፍ ሁሉ ስህተት ይሆንበታል፤ ጣቱ ግን ትክክል ነው። የእንግሊዝኛ ታይሎችን ሰማያዊ፣ የአማርኛውን አረንጓዴ ያድርጉ። ቀለም በተቀየረ ቁጥር ዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስ ተጭነው፣ ሰዓቱ አጠገብ የተጻፈውን ቋንቋ አይተው እንዲጀምሩ ያስለምዷቸው።

ለአማርኛ ኪይማን የተባለውን የመጻፊያ ሶፍትዌር ይጫኑ። የጉግል ኢንፑት ቱልስ አማራጭ ቃላት እየደረደረ ስለሚያስመርጥ ዓይን ከጽሑፉ ይነሳል፤ ጣት ለማሠልጠን አይሆንም። ሳድስ ፊደል በአንድ ምት (ቁልፍ አንዴ በመንካት) ስለሚወጣ ከመካከለኛው ረድፍ ሳይወጡ ሙሉ ቃል ማስጻፍ ይቻላል፦ ስልክ፣ ልጅ፣ ልክ፣ ድል፣ ድፍድፍ፣ ፍልፍል። ጠቋሚ ጣቶች ኤፍና ጄ ላይ ያሉትን ጉብታዎች ይዘው ይጀምሩ። ቀጥሎ ትምህርት (አምስት ምት፣ ሁሉም ሳድስ)፣ ከዚያ አናባቢ ያለበት ሰላም፣ በመጨረሻ ሺፍት የሚፈልጉት ጥ፣ ጭ፣ ኝ። ሺፍቱን ፊደሉን ከሚመታው እጅ በተቃራኒው እጅ ነው የሚጫኑት፤ ይህን ገና ከጅምሩ ካላረሙት በኋላ አይለቅም።

ፍጥነትን በፊደል ብዛት አያወዳድሩ። ሰላም ሦስት ፊደል ቢሆንም አምስት ምት ነው፤ የእንግሊዝኛ ድረ ገጾችም አምስት ምትን ነው አንድ ቃል ብለው የሚቆጥሩት። በምት ሲቆጥሩ ሁለቱ ይቀራረባሉ።

የላብ መምህር፦
እግዜር ይስጥልኝ። ኢንተርኔት ሲቋረጥስ?

ኪቦርድ፦
ሲምባሉ አይከፈትም፤ ኪይማን ግን አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ለእንግሊዝኛ ክላቫሮ የተባለውን የታይፒንግ ማስተማሪያ ሶፍትዌር አስቀድመው ይጫኑ፤ ነፃ ነው፣ ማሽኑ አቅም ባይኖረውም አይከብደውም። ለአማርኛ ከላይ ያሉትን ቃላት በወርድ ፋይል አዘጋጅተው ዴስክቶፕ ላይ ያስቀምጡ፤ ልጆቹ ከእያንዳንዱ መስመር ሥር ይጻፉ።