ሽፋን ሰብል ዘርቼ ወይኔ ቢጫ ሆነ፤ ወደ ማረሱ ልመለስ?

ሐረግ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ።

አንድ ሄክታር ተኩል የሚሆን የወይን እርሻ አለኝ። ተክሎቹ 12 ዓመታቸው ነው። አፈሩ ሸክላ ይበዛዋል፣ ቦታው ተዳፋት ነው። ከእኔ በፊት የነበሩት ሰዎች በመስመሮቹ መካከል በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ያርሱ ነበር። እኔም ከተረከብኩ በኋላ 5 ዓመት እንደነሱ ቀጠልኩ። አረም የሌለበት ጥርት ያለ መሬት ሳይ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ዝናብ ሲጥል ውሃው አይሰርግም፤ ደፍርሶ ወደ ታች ይወርዳል። ከታች ካለው ቦይ በየዓመቱ የማወጣው ደለል የራሴው አፈር መሆኑን ሳስብ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ባለፈው ዓመት ምርቱን ከሰበሰብኩ በኋላ ማረሱን ተውኩና በሁሉም መስመር መካከል ባዶውን መሬት እንዲሸፍን (ሽፋን ሰብል የሚሉት ነው) ገብስ ዘራሁ። በጣም አማረ። ወይኑ ሲያቆጠቁጥ ገብሱ ጉልበቴን አልፎ ነበር። ሥር ይስደድ፣ መሬቱን ይመግብ ብዬ እስኪደርቅ ተውኩት። ከዚያ አጨድኩና ገለባውን በትራክተር አርሼ ቀበርኩት። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የወይኑ ቅጠል ቢጫ መሆን ጀመረ። አዲሶቹ ቅርንጫፎች አጠሩ፣ ዘለላውም ሳሳ። ጎረቤቶቼ ሁሉ «ሣር አስበላሽው» ይሉኛል።

ሽፋን ሰብል መዝራቴ ነው ስህተቱ? ወደ ማረሱ ልመለስ? ማዳበሪያስ ልጨምር?

አካፋ

እህቴ፣ አትመለሺ። ምንም ከመወሰንሽ በፊት ግን አካፋ ይዘሽ ውጪ። ስለ አፈርሽ ከእኛ ሁሉ በላይ ጉድጓዱ ይነግርሻል።

ሁለት ቦታ ቆፍሪ። አንዱ የትራክተሩ ጎማ የሚሄድበት፣ ሌላው ከወይኑ ሥር አጠገብ። ጥልቀቱ 40 ሳንቲ ሜትር ይሁን። አፈሩን በእጅሽ ፈርክሺው። እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ይበተናል ወይስ እንደ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይሰነጠቃል? ሥሮቹ ወደ ታች ይወርዳሉ ወይስ አንድ ቦታ ላይ ደርሰው ወደ ጎን ይታጠፋሉ? ትል አለ? ሽታውስ ምን ይመስላል? ጤነኛ አፈር ከዝናብ በኋላ እንደሚሸተው ነው የሚሸተው። የሚቆመጥጥ ወይም የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል ሽታ ካለው አየር አጥቷል ማለት ነው።

ሁለት ሙከራ ጨምሪልኝ። አንደኛው፦ በደንብ የደረቀ የአፈር ጓል በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ቀስ ብለሽ አስቀምጪ፤ 5 ደቂቃ ጠብቂ። ሁለተኛው፦ ስፋቱ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ላይና ታቹ ክፍት የሆነ ቆርቆሮ መሬት ውስጥ ትከዪና 440 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ አፍስሺበት። ይህ 2.5 ሳንቲ ሜትር ዝናብ እንደማለት ነው። የመጀመሪያው ሲሰርግ ደግመሽ አፍስሺ፤ ሰዓት የሚያዘው በሁለተኛው ነው።

ዘለላ

አካፋ ያለውን አድርጊ። እኔ ስለ ቢጫው ልናገር፤ ምክንያቱም በመጀመሪያ ዓመቴ እኔም ላይ ይኸው ደርሶብኛል።

ቢጫ ሁሉ አንድ አይደለም። የታችኞቹ አሮጌ ቅጠሎች ሙሉ በሙሉ፣ እኩል ቢጫ ከሆኑ የናይትሮጅን ረሃብ ነው። የታችኞቹ ሆነው በጅማቶቹ መካከል ብቻ ከሆነ ማግኒዥየም ጠርጥሪ። ጫፍ ላይ ያሉት አዲሶቹ ቅጠሎች ጅማታቸው አረንጓዴ ሆኖ ሌላው ከነጣ ደግሞ ብረት ነው፤ ያ ኖራ በበዛበት አፈር ላይ ይበረታል። የአንቺ የትኛው ነው?

የመጀመሪያው ከሆነ ታሪኩ እንዲህ ነው። አፈር ውስጥ ያሉ ተሕዋስያን የሚበሉት ነገር ለ1 እጅ ናይትሮጅን 24 እጅ ገደማ ካርቦን ሲኖረው ይስማማቸዋል። የደረቀ የእህል ገለባ ግን ለ1 እጅ ናይትሮጅን ወደ 80 እጅ ካርቦን አለው። ያንን አርሰሽ ስትቀብሪላቸው የጎደለውን ናይትሮጅን ከአፈሩ ይሻማሉ። ወይኑም በጣም በሚፈልግበት ሰዓት ባዶ እጁን ይቀራል። ገለባው ላይ ላዩን ቢተኛ ኖሮ ሽሚያው ይህን ያህል አይሆንም ነበር፤ ምክንያቱም አፈሩን የሚነካው በታችኛው ጎኑ ብቻ ነው። የተሻሙት ናይትሮጅን ተመልሶ ይመጣል፣ ግን በራሱ ጊዜ ነው።

ሌላው ውሃ ነው። ገብሱ እስኪደርቅ ድረስ ከወይኑ ጋር ከአንድ ጋን ሲጠጣ ነበር። ስለዚህ ጥፋቱ የሽፋን ሰብሉ ሳይሆን የጊዜው ነው። ሁሉንም መስመር በአንድ ጊዜ መዝራትሽም አልረዳሽም።

ማዳበሪያን በተመለከተ በስሜት አትጨምሪ። ቅጠሉን ከቅርንጫፉ ጋር የሚያያይዘውን ቀጭን አንገት ሰብስበሽ ላቦራቶሪ ላኪ። ናይትሮጅን ከበዛ ወይኑ ቅጠል ብቻ ይሆናል፣ ዘለላው ጥላ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ሻጋታ ይከተላል።

ሐረግ

በጣም አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት ቆፍሬ መጣሁ።

ቢጫው የታችኞቹ ቅጠሎች ላይ ነው፣ እኩል ቢጫ ነው።

የጎማው መንገድ ላይ እስከ 18 ሳንቲ ሜትር ድረስ ጓል ጓል ያለ አፈር ነው። ከዚያ በታች እጅ የሚያክል ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ ንብር አለ። ቢላዬ አልገባ አለኝ። የወይኑ ቀጫጭን ሥሮች እዚያ ድረስ ይመጡና ልክ ግድግዳ እንዳጋጠመው ሰው ወደ ጎን ይዞራሉ። እዚያው ንብር ላይ የቀበርኩት የገብስ ገለባ አለ፤ ገና ቢጫ እንደሆነ፣ ሳይበሰብስ። ትል አንድም የለም። ወይኑ ሥር አጠገብ ግን ሦስት ትል አገኘሁ። አፈሩም ጠቆር ያለ ነው።

ብርጭቆው ውስጥ የጎማው መንገድ አፈር በ1 ደቂቃ ውስጥ ፈርሶ ጭቃ ሆነ። ከወይኑ ሥር የወሰድኩት ቅርጹን እንደያዘ ቆየ። ቆርቆሮው ላይ ደግሞ ወይኑ ሥር 9 ደቂቃ ፈጀ። የጎማው መንገድ ላይ ከአንድ ሰዓት በኋላም ውሃው እንዳለ ነበር፤ ሰለቸኝና ተውኩት።

አንድ እርሻ ውስጥ በአንድ ሜትር ርቀት ሁለት የተለያየ አገር ያለ መሰለኝ።

መቀስ

ልጄ፣ ጥሩ አድርገሽ አይተሻል። ያ ንብር የማረሻ ወለል ይባላል። በየዓመቱ አንድ ጥልቀት ላይ እየተረገጠ የተሠራ ነው። አርሰሽ አትፈቺውም፤ ማረሱ ነው የሠራው።

ካረስሽ በኋላ ወይኑ ለምለም ሆኖ ታይቶሽ ይሆናል። እውነት ነው፣ ይለመልማል። አየር ሲገባ ተሕዋስያኑ የአፈሩን ብስባሽ ይበሉና ናይትሮጅን ይለቃሉ። ግን ከጎተራው ነው የሚበላው። እኔ 30 ዓመት ከጎተራው ስበላ ኖሬ ነው የነቃሁት።

የእኔ ምክር፦ ንብሩን አንድ ጊዜ ብቻ በጥልቅ ቀድደሽ ክፈቺው። አፈሩን የሚገለብጥ ማረሻ አይሁን፤ እንደ ጥፍር ሰንጥቆ የሚያልፍ ብረት ይሁን። ከምርት በኋላ አፈሩ ደረቅ ሲል፣ አንድ መስመር እየዘለልሽ፣ ከግንዱ ራቅ ብለሽ። እርጥብ ሸክላ ላይ ከገባሽ ብረቱ ጎንና ጎኑን ለስኖ የባሰ ግድግዳ ይሠራልሻል። የቀሩትን መስመሮች በሚቀጥለው ዓመት ትጨርሻለሽ፤ ሥር በአንድ ጊዜ በሁለቱም በኩል አይቆረጥም። በቀደድሽበት ሳምንት ወዲያው ዝሪበት። የተከፈተውን ክፍት አድርጎ የሚያቆየው ሥር እንጂ ብረት አይደለም። ካልዘራሽ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ መልሶ ይዘጋዋል።

አካፋ

ጋሽ መቀስን አከብራለሁ፣ ግን በመቅደዱ አልስማማም። ተዳፋት ነው ብላለች። ቁልቁል የተቀደደ መስመር ለውሃ ቦይ ነው። ረጅም ሥር ያለው ራዲሽ ከአጃና ከባቄላ ጋር ቢዘራ ሁለት ሦስት ዓመት ይፈጅ ይሆናል እንጂ ይከፍተዋል።

ራዲሹን ብቻውን ግን አትዝሪ። የወይን ሥር ማይኮራይዛ ከሚባል ፈንገስ ጋር ተጋግዞ ነው የሚኖረው። ፈንገሱ ከፀጉር የቀጠነ ክሩን ሥሩ ወደማይደርስበት ዘርግቶ ፎስፈረስና ውሃ ያመጣለታል፣ ወይኑ ደግሞ ስኳር ይሰጠዋል። ማረስ ይህን ክር ይበጥሳል። የራዲሽና የጎመን ዘር ደግሞ ከዚህ ፈንገስ ጋር አይኖርም። አጃና ባቄላ ግን ይኖራሉ። ፎስፈረስ ያለው ማዳበሪያ ሲበዛም ወይኑ ፈንገሱን ችላ ይለዋል።

መቀስ

መስመሮቹ ቁልቁል የሚወርዱ ከሆነ አካፋ ልክ ነው፣ አትቅደጂ። ተዳፋቱን አግድም የሚያቋርጡ ከሆነ ግን እኔ ባልኩት እጸናለሁ። የትኛው ነው?

ሐረግ

ቁልቁል ነው ጋሼ።

መቀስ

እንግዲያው ብረቱን ተዪው። በሥር ሂጂ። ትራክተሩንም እርጥብ አፈር ላይ አታስገቢ፤ ጎማውን አየሩን ቀነስ አድርጊለት።

እረኛው

ማጨዱን ለበግ መስጠት ይቻላል፤ እኔ የማደርገው እንዲያ ነው። ሣሩን ይበላሉ፣ ፍጉን ይጥላሉ። ወይኑ ቅጠል በሌለው ጊዜ አስገብቼ፣ እምቡጡ ማበጥ ሲጀምር አስወጣቸዋለሁ። አንድ ሳምንት ካሳለፍሽ እምቡጡን ይጨርሱታል። አፈሩ ሲጨቀይም አላስገባም፣ ኮቴያቸው ይደፈጥጠዋል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ለሻጋታ መዳብ ትረጫለሽ? በግ መዳብ አይችልም። ጉበቱ ውስጥ ቀስ በቀስ ይጠራቀምና አንድ ቀን ድንገት ይገድለዋል። ፍየል የተሻለ ይቋቋማል። ከመጀመሪያዎቹ በጎቼ ሁለቱን ያጣሁት በዚህ ነው። በጉ ምንም አልታመመም ነበር፤ ጠዋት ደህና ሲግጥ ነበር።

ዘለላ

እረኛው መዳብን ማንሳቱ ጥሩ ነው፤ ለአፈሩም ያው ነውና። የቦርዶ ድብልቅ የሚባለው የመዳብና የኖራ መድኃኒት ከ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ወይን ላይ ይረጫል። መዳብ ማዕድን ስለሆነ አይበሰብስም፣ የትም አይሄድም። በላይኛው አፈር ውስጥ ይከማቻል፣ ትሎችንም ይጎዳል። በአውሮፓ ኅብረት ለሄክታር በ7 ዓመት ከ28 ኪሎ በላይ አይፈቀድም። እርሻሽ የቆየ ከሆነ በአፈር ምርመራው ላይ መዳብንም አስለኪ። ትል የጠፋው በማረሱ ብቻ ላይሆን ይችላል።

ሐረግ

መዳብ እረጫለሁ፤ ከእኔ በፊት የነበሩትም ይረጩ ነበር። አስለካለሁ። በግ ለጊዜው ይቅርብኝ።

ያሰብኩት ይኸው፦ ምርት እንደተሰበሰበ አንድ መስመር እየዘለልኩ ባቄላ፣ ቬች (የባቄላ ዘመድ የሆነ መኖ)፣ አጃና ትንሽ ራዲሽ እዘራለሁ። የቀሩት መስመሮች ላይ የበቀለውን ሣር እንዳለ ትቼ አሳጥረዋለሁ፣ ትራክተሩም እነሱ ላይ ይሄዳል። ሁለት ነገር ቀረኝ። የዘራሁትን መቼ ጨፍልቄ መሬት ላይ ላስተኛው? በሞቱት ቦታ የተከልኳቸው ወደ 60 የሚሆኑ ችግኞችስ?

ጤዛ

ለችግኞቹ እኔ ልመልስ። እስከ ሦስተኛ ዓመታቸው ድረስ ሣር አጠገባቸው አይድረስ። ሥራቸው ገና አጭር ነው፣ መሻማት አይችሉም። በግራና በቀኝ ግማሽ ሜትር ያህል ንጹሕ አድርጊና በደረቅ ሣር ወይም ወይኑ ሲገረዝ በሚወጣ የተከተፈ እንጨት ጎዝጉዢ። ጉዝጓዙ ግንዱን አይንካ። ውስጡ ጠቁሮ የታመመ እንጨት ደግሞ ከእርሻው ይውጣ።

ወይን ከጨመቅሽ በኋላ የሚቀረውን ቆዳና ፍሬም አትጣዪው። ከተከተፈ እንጨትና ከፍግ ጋር ከምሪው። ክምሩ ውስጡ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሲግል እያገላበጥሽ አብስዪው። ፖታሲየሙ ብዙ ስለሆነ ግን በየዓመቱ አንድ ቦታ አትድፊው፤ ፖታሲየም ሲበዛ የጭማቂው ኮምጣጣነት ይቀንሳል።

ማስተኛቱን በተመለከተ፣ ቬቹና ባቄላው አበባ ላይ ሳሉ ነው። ያኔ ገና ለጋ ናቸው። በአበባ ላይ ያለ ቬች ለ1 እጅ ናይትሮጅን 11 እጅ ገደማ ካርቦን ነው ያለው፤ ተሕዋስያኑ ጠግበው ለወይኑም ይተርፋል። ዝናብ ከጠፋ ግን አበባውን አትጠብቂ፤ ወይኑ ከማቆጥቆጡ በፊት አስተኚው። ውርጭ የሚያሰጋሽ ከሆነም እንደዚያው። ረጅም ሣር የመሬቱን ሙቀት ወደ ላይ ስለማያሳልፍ እምቡጡ ይቃጠላል። አርሰሽ አትቅበሪው፤ አስተኝተሽ ተዪው።

ሐረግ

ሁሉንም ጻፍኩት። ዘሩን ነገ አዝዛለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አካፋ

ቆርቆሮውን የተከልሽበት ቦታ ላይ ካስማ ምቺበት። የዛሬ ዓመት የምትለኪው እዚያው ጉድጓድ ላይ ነው፤ ሌላ ቦታ ብትለኪ ሌላ ቁጥር ነው የሚሰጥሽ። ውጤቱን እዚሁ ጻፊልን፣ እጠብቃለሁ።