ከማኅበሩ ከወጣሁ በኋላ እናቴን እንዴት ላግኛት?

ጥያቄ፦ ያደግሁት መንዝ ውስጥ፣ «መምህራችን» ካልፈቀዱ (አሁንም አንቱታው አልለቀቀኝም) ትምህርት ቤትም ሆነ ሐኪም ዘንድ በማይኬድበት ማኅበር ነው። በ19 ዓመቴ ወጥቼ ደብረ ብርሃን ገባሁ፤ እናቴ ስልኬን እንዳታነሣ ታዝዛለች። ባለፈው ቅዳሜ ግን በገበያተኛ እጅ ዝተት ላከችልኝ፤ በጠርዙ ቆሎ ቋጥራበታለች። መልሼ ብልክላት ይቀጧት ይሆን?

መልስ 1፦ እኅቴ፣ እኔ ከእንዲህ ያለ ቤት ወጥቼ ለአባቴ የጻፍሁት ደብዳቤ በጉባኤ ፊት ተነብቦ ንስሐ አስገብተውታልና፣ የሚነበብ ነገር አትላኪ፤ በዚያው ገበያተኛ ቡና ብቻ ላኪላት።

መልስ 2፦ በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 በእምነት ማስገደድን ይከለክላል፤ ይሁንና ሕግ የእናትን ስልክ አያስነሣም። ሽማግሌ የምትልኪ ከሆነ፣ ከማኅበሩ ሰዎች ጋር አለመወገኑን አስቀድመሽ አጣሪ።

ጠያቂዋ፦ ቡናውን ልኬ ነበር። ተቀብላ፣ ፌስታሉን አጥፋ መልሳዋለች፤ ውስጡ ሌላ ቆሎ አለ።