የምድር ባቡር ሠራተኞችን ታሪክ በቴአትር፦ አባቴን መድረክ ላይ ላውጣው?

የለገሃር ልጅ፦
ሰላም ለቤቱ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰፈሬ ልጆች ጋር ቴአትር እንለማመዳለን። ዘንድሮ የምድር ባቡር ሠራተኞችን ታሪክ እንሥራ አልኩ፤ አባቴ ዕድሜውን ፉርጎ ሲቀጥል የኖረ ነው። ለልጆቹ ግን ለገሃር የታክሲ መያዣ ነው። ስሙ ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር»፣ ማለትም «ባቡር ጣቢያው» ከሚለው እንደመጣ ስነግራቸው አንዷ «እና ባቡሩ የታለ?» አለችኝ።

ድርሰቱን ራሳቸው ጻፉት። አንዱ ተነስቶ «በ1909 ባቡሩ አዲስ አበባ ገባ» ይላል፤ ሌላዋ «ጣቢያው በ1922 ተመረቀ» ትላለች። የፈተና ክለሳ በሉት። አባቴ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰደው።

ሲነቃ መብራት የሚያወዛውዘውን ልጅ አየ። «እንዲህ ካወዛወዝክ ሰው ታስገድላለህ!» ብሎ ተነሳ። የልጁን ስልክ ተቀብሎ ባትሪውን አበራና ክንዱን ዘርግቶ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፣ ቀስ እያለ አሳየው። «ይሄ ቁም ነው።» ከዚያ ሁለቱ ፉርጎዎች ሲጋጠሙ አንገትን ሰብሮ እንዴት ከመሃል እንደሚወጣ አሳየ። ጎንበስ ሲል ወገቡ ያዘው፤ ግን አላቆመም። አንድም ልጅ አልተነፈሰም።

እሱን ራሱን ላውጣው ወይስ ልጁ ተምሮ ይሥራው? 78 ዓመቱ ነው፤ ጆሮው ደክሟል፣ ቶሎም ይናደዳል።

መጋረጃ፦
እንዳታወጣቸው። እኛ አንድ ጊዜ አንድ አባት አውጥተን ጭብጨባው ሲበዛባቸው የሚሉት ጠፋባቸው፤ እስከ ዛሬ አፍራለሁ። ልጁ ይሥራው። አባትህ ፊት ለፊት ይቀመጡና ሲሳሳት ካሉበት ይጩኹበት። ጩኸቱ የቴአትሩ አካል ይሁን።

አዳራሽ አትከራዩ ደግሞ። ብሔራዊ ቴአትር ቅርብ ነው ብላችሁም አትጓጉ፤ የእድር ድንኳን ይበቃችኋል።

የድሬ ልጅ፦
እኛ ጋ ምድር ባቡሩ «ሸማንደፈር» ነው የሚባለው። ድሬ ባቡሩን ያየችው በ1895 ነው፣ ከእናንተ 14 ዓመት ቀድማ። ከተማዋን የወለዳት እሱ ነውና ይህ ካልገባ አልመጣም 😄

ከምሬ ግን፣ አባትህ «ሼፍ ደ ጋር» ካሉ «የጣቢያ ኃላፊ» ብላችሁ እንዳታስተካክሉት። የሥራው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር፤ ልጆቹም እንደዚያው ይሰሙት። ሴትስ የለችበትም? ባቡር በቆመ ቁጥር በመስኮት በኩል የሚሸጡልን እናቶች የት ገቡ?

የለገሃር ልጅ፦
እናቶቹን ረስቼ ነበር፣ ይገባሉ። የመጋረጃን ሐሳብ ለአባቴ ነገርኩት። «ወንበሩ ከፍ ያለ ይሁን፤ እጁን ማየት አለብኝ» አለ። አሁን የጎደለን ፋኖስ ነው። መርካቶ ሁለቴ ሄጄ ያገኘሁት የቻይና ባትሪ ብቻ ነው፤ እቤቱ የድሮ የእጅ ፋኖስ ያለው ሰው ካለ ለአንድ ቀን ያውሰን።