ከወለድኩ 7 ሳምንቴ ነው፤ ስስል ሽንት ያመልጠኛል

ጠያቂ፣ ከደሴ

ሰላም እህቶቼ። ለማን እንደምናገረው ጨንቆኝ ነው እዚህ የምጽፈው። የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ 7 ሳምንት ሆነኝ። ምጡ ረዝሞብኝ ነበር። ልጁም 3.9 ኪሎ ነበር፤ ተሰፍቻለሁ። ስፌቱ ድኗል። ግን ስስል፣ ሳስነጥስ፣ ልጁን ከአልጋ ላይ ብድግ ሳደርግ ሽንት ያመልጠኛል። ባለፈው ጎረቤት በርበሬ ስትቆላ ሳል ያዘኝና ቀሚሴ ራሰ። ቤት ውስጥ እንግዳ ነበር። የልጁን ፎጣ ጭኔ ላይ ጣል አድርጌ እንግዶቹ እስኪሄዱ ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም።

እናቴ "ብርድ ገብቶብሽ ነው" ብላ ወገቤን በመቀነት ጥብቅ አድርጋ ታስረኛለች። የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ እኔም አመንኳት። ልጁን ለ45 ቀን ክትባት ስወስደው አንዷን ባለሙያ ጠየቅኳት። "የወለደ ሁሉ እንደዚህ ነው፣ ይለቅሻል" ብላ ቀጣዩን ተራ ጠራች። አሁን ውሃ መጠጣት ቀንሻለሁ። የ90 ቀን ፈቃዴ ሲያልቅ ኮምቦልቻ ለሥራ መመላለስ አለብኝ፤ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ሳስበው ከአሁኑ ይጨንቀኛል። ሶላት ላይም ከሱጁድ ስነሳ ጠብ ይልብኛል። ይሄ ነገር ይድናል?

የመንታ እናት፣ ከኮምቦልቻ

አብሽሪ እህቴ፣ ይድናል። እኔ መንታ ወልጄ ስምንት ወር ሙሉ ለባለቤቴ እንኳን ሳልነግር ሞዴስ እያደረግኩ ነበር የምወጣው። አንቺ በሰባት ሳምንትሽ መጠየቅሽ ትልቅ ነገር ነው።

እኔን ያዳነኝ ስፖርቱ ነው። ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በከንቱ ለፋሁ። ትንፋሼን ይዤ ወደ ታች አምጥ ነበር። ትክክሉ ተቃራኒው ነው። ሰው መሃል ተቀምጠሽ አየር እንዳያመልጥሽ የምትይዢውን ቦታ ታውቂዋለሽ አይደል? እሱን ወደ ውስጥና ወደ ላይ ትስቢዋለሽ። ሆድሽ፣ መቀመጫሽ፣ ጭንሽ ዝም ይላሉ። ትንፋሽሽ አይቆምም። እጅሽን ሆድሽ ላይ አድርጊና እዪው፤ ወደ ውጭ ከገፋሽ ተሳስተሻል። እኔ እንዳልረሳው ጡት ሳጠባ ነበር የምሠራው።

ሚድዋይፍ ነኝ፣ ከደሴ

እንኳን በሰላም ተገላገልሽ። መጀመሪያ ይሄን ንገሪኝ። ተኝተሽም ተቀምጠሽም ያለማቋረጥ ይፈስሻል? ሽንትሽ ያቃጥልሻል፣ ትኩሳትስ አለሽ? ወደ ታች የሚከብድሽ ወይም የወጣ ነገር አለ? ሽንትሽ መጥቶ እምቢ ይልሻል? ከእነዚህ አንዱ እንኳን ካለ ስፖርት አይጠበቅም፣ ቶሎ መታየት አለብሽ።

አንዱም ከሌለ ያንቺ ብዙ እናቶች ላይ የሚታየው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከሦስት ወላዶች አንዷን ገደማ ያጋጥማታል። ብዙ ሰው ያየዋል ማለት ግን ዝም ይባላል ማለት አይደለም። "ይለቅሻል" ተብለሽ መሸኘትሽ አሳዝኖኛል።

ፊኛሽን ከሥር ደግፎ የሚይዘው ጡንቻ እንደ ጠፍር አልጋ ነው። በእርግዝናው ክብደት ይላላል፣ ልጅ ሲያልፍበት ደግሞ የበለጠ ይለጠጣል። ብርድ አይደለም ያላላው። እንደ ጠፍሩ ሁሉ መልሶ መወጠር ይችላል። የመንታ እናት እንዳለችው ሳቢው፤ ሦስት አራት ሰከንድ ይዘሽ ልቀቂው፣ ያንኑ ያህል ዕረፊ። 8 ጊዜ ደጋግሚ። በቀን 3 ዙር። እየጠነከርሽ ስትሄጂ እስከ 10 ሰከንድ አድርሺው። ቢያንስ ለ3 ወር ነው፤ በሳምንቱ ለውጥ አላየሁም ብለሽ እንዳታቆሚ። ሽንትሽን መሃል ላይ እያቋረጥሽ ግን አትለማመጂ።

ሳል ወይም ማስነጠስ ሲመጣብሽ ቀድመሽ ጠበቅ አድርጊው። ልጁን ከማንሳትሽ በፊትም፣ ከሱጁድ ከመነሳትሽ በፊትም እንደዚያው።

ውሃሽን መልሺ። የምታጠቢ እናት ነሽ። ውሃ ሲያንስ ሽንቱ እየደፈረሰ ፊኛን ያስቆጣል፣ ሆድም ያደርቃል፤ በድርቀት ማማጥ ደግሞ ያንኑ ጡንቻ ይጎዳዋል። ቡና አቦሏን ጠጪ፣ ቶናና በረካውን ለጊዜው ተይው። እናትሽን ሳታስቀይሚ መቀነቱን አላሊው። ጥብቅ ብሎ ሲታሰር ጫናው ወደ ታች ነው የሚሄደው።

ጠያቂ

አላህ ይስጥልኝ፣ አልቅሼ ነው ያነበብኩት። አይ፣ ሌሊት ደረቅ ነኝ። አያቃጥለኝም፣ የወጣም ነገር የለም። ስስልና ሸክም ሳነሳ ብቻ ነው። የሶላቱን ነገር የሚያውቅ አለ?

ኡም ነኝ፣ የቁርኣን አስተማሪ

ያንቺ አልፎ አልፎ ስለሆነ ካመለጠሽ ታጥበሽ ዉዱእሽን ታድሻለሽ። ፓንትሽ ላይ ሞዴስ ካደረግሽ ልብስሽም አይነካም። ሳያቋርጥ የሚፈሳት ሴት ደግሞ ዑዝር (በሃይማኖቱ ተቀባይነት ያለው ምክንያት) አላት፤ ወቅቱ ሲገባ ታጥባ ዉዱእ አድርጋ ትሰግዳለች፣ በመሃል ቢፈሳትም ሶላቷ አይበላሽም። ዝርዝሩን የምትቀርቢውን ኡስታዝ ጠይቂ። አታፍሪ፣ በፊቅህ (የእስልምና ሕግ) ኪታብ ውስጥ ያለ ጉዳይ ነው። "ወጣ፣ አልወጣም" እያልሽ በወስዋስ ግን ራስሽን አታድክሚ።

የአንድ ልጅ አባት፣ ከደሴ

ለባሎች አንድ ነገር ልበል። ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን እኛ እናንሳው። እኔ ባለቤቴ እስክትነግረኝ ድረስ አላየሁትም ነበር።

የቃሉ ልጅ

ሚድዋይፏ "ያለማቋረጥ ይፈስሻል ወይ" ያለችው ላይ አንድ ልጨምር። የአጎቴ ልጅ ገጠር ቤቷ ሦስት ቀን አምጣ ሕፃኑም ሞተባት። በሳምንቱ ሽንቷ ቀንም ሌሊትም መፍሰስ ጀመረ። ሰው ሸሻት። ከዓመት በላይ ጓዳ ተቀምጣለች። ፌስቱላ ነበር፤ ምጥ ሲረዝም በፊኛና በብልት መካከል የሚፈጠር ቀዳዳ ነው። ባሕር ዳር ያለው የሐምሊን ፌስቱላ ሆስፒታል ወስደናት በነጻ ታከመች። አሁን ገበያ ትውላለች። እንደዚህ የሚፈሳት ሴት የምታውቁ በስፖርት ይሻላታል ብላችሁ እንዳታቆዩአት።

ሚድዋይፍ ነኝ፣ ከደሴ

ልክ ነሽ። የፌስቱላ ቀዳዳ ትንሽ ከሆነና ቶሎ ከተደረሰበት ለተወሰኑ ሳምንታት ካቴተር (ሽንት የሚያስወጣ ቀጭን ቱቦ) በማድረግ ብቻ ሊዘጋ ይችላል፤ ከቆየ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል። ስለዚህ ከምጥ በኋላ ሽንቷ መፍሰስ የጀመረባት ሴት ባፋጣኝ ሆስፒታል ትሂድ።

ጠያቂ፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ

እህቶቼ፣ ልንገራችሁ ብዬ ተመለስኩ። ስፖርቱን አንድ ቀን አላቋረጥኩም፤ እናቴም አሁን "ሳብሽው?" ትለኛለች። ከሱጁድ ስነሳ ጠብ ማለቱ ቆሟል። ትናንት ራሴ በርበሬ ቆላሁ። አምስቴ ሳልኩ፣ አንዴ ብቻ ትንሽ አመለጠኝ፣ እሱም ቀድሜ ሳልይዘው ቀርቼ ነው። ሰኞ ሥራ ጀመርኩ። ለሐረጎው አንድ ሞዴስና ቅያሪ ፓንት ቦርሳዬ ውስጥ አለ፤ እስካሁን አልተጠቀምኩበትም። ሦስት ወሩ ሲሞላ ፊዚዮቴራፒ ልታይ ወይስ ልቀጥል?

ሚድዋይፍ ነኝ፣ ከደሴ

ጎበዝ! ቀጥይ። ሦስት ወር ሞልቶ አሁንም የሚያመልጥሽ ከሆነ ሪፈር አስጽፊ። "ይለቅሻል" ቢሉሽ "ሦስት ወር ሠርቻለሁ፣ ምርመራ እፈልጋለሁ" በያቸው።