ልጄ አትሰማ ይሆን?

እህቶች፣ ጨንቆኝ ነው የምጽፈው። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ልጄ 9 ወር ሞላት። በ4 ወሯ «አጉ» ትል ነበር፤ አሁን ድምጿ እየጠፋ ነው። «ባባባ»፣ «ማማማ» ማለትማ ጭራሽ አልመጣም። ትናንት ከጀርባዋ ሆኜ የድስት ክዳን ሊሾው ላይ ጣልኩ። ዘወር እንኳ አላለችም። ጥላዬን ስታይ ግን ዞራ ሳቀችልኝ። አንጀቴን በላችው።

አማቴ «አባቷም አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው» ይላሉ። ጤና ጣቢያ «ዓመት ይሙላት» አሉኝ። እኔ ግን መጠበቅ አልፈልግም። የማይሰማ ሕፃንም መጀመሪያ ላይ አጉ ይላል፤ ስለዚህ ያ አያጽናናኝም።

ሕፃኗ ተኝታ እያለ ጆሮዋ ውስጥ ትንሽ ነገር አስገብተው የሚሠሩት ምርመራ የት አለ? ሪፈር ግዴታ ነው? ልጁን ያስመረመረ ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።