የቀትሩ ፊልም፦ ለወጣት ማዕከሉ የምናስገባው ዕቅድ

ሰብሳቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአጭር ፊልሙን ዕቅድ እስከ እሁድ ማስገባት አለብን። የተስማማንበት ይህ ነው፦ ፊልሙ ሆረር ነው፤ ባለታሪኮቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው፤ ቀረፃው እዚሁ አቃቂ፣ በእግር በምንደርስበት ቦታ ነው። የቀረን ዋናው ጥያቄ ነው። ተመልካቹን የሚያስፈራው ምንድን ነው? «መንፈስ አለ» ብሎ መጻፍ ብቻ አይበቃም። ሐሳባችሁን ጻፉ፤ ረቂቁን እኔ አስተካክላለሁ።

ካሜራ፦
እኔ የምለው ሌሊት፣ ያላለቀ ፎቅ፣ መብራት የሌለው ደረጃ ነው። ልጆቹ ተወራርደው ይገባሉ፣ አንዱ አይመለስም። ወጪውም ትንሽ ነው። «ፓራኖርማል አክቲቪቲ» የተሠራው በዳይሬክተሩ የራሱ ቤት ውስጥ፣ በ15,000 ዶላር ገደማ ነው። ብዙው ፍርሃት የመጣው አንድ ቦታ ቆሞ መኝታ ቤቱን ከሚያይ ካሜራ ነው። ትራይፖድ ደግሞ አለን።

ስክሪፕት፦
የቆመውን ካሜራ እደግፋለሁ። ሌሊቱን ግን አልደግፍም። አንደኛ፣ የእኛ ካሜራ ጨለማ ላይ ምስሉን ያበላሸዋል። ሁለተኛውና ትልቁ፣ ሌሊት ያላለቀ ፎቅ ውስጥ የሚገባን ልጅ ተመልካች «ማን ግባ አለህ?» ይለዋል። እንዲህ ካለ በኋላ አይፈራለትም። የግድ በዚያ መንገድ ማለፍ ያለበት ልጅ ነው የሚያስጨንቀው።

የጠዋት ፈረቃ ተማሪዎችን አስቧቸው። የሚለቀቁት በቀትር ነው። አቋራጩ ደግሞ በወንዙ ዳር ነው። ስንቶቻችን ነን «በቀትር ወንዝ አትውረዱ» እየተባልን ያደግነው? የተለከፈ ልጅ ታሪክ ያልሰማ አለ? መዝሙር 90 ላይ እንኳ የቀትር ጋኔን ተጠቅሷል። የውጭ ፊልም ሌሊቱን ጨርሶበታል። ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም የሚመጣው ፍርሃት የኛ ነው። ተመልካቹ ገና ፊልሙ ሳይጀምር ግማሹን ይዞት ይመጣል።

ድምፅ፦
ቀትርን ስሰማ ልቤ ዘለለ። ድንገት «ድው!» የሚል ድምፅ ሰውን ያስደነግጣል፤ ግን ወዲያው ያልፋል፣ ሰውም ይስቃል። የሚቆየው የጠበቁት ድምፅ ሲቀር ነው። የፈረቃ ለውጥን ጫጫታ እናስገባ፦ ደወሉ፣ ልጆቹ፣ የባጃጁ ጥሩምባ፣ ከሩቅ የቀትር አዛን። ልጁ ወደ ወንዙ ሲታጠፍ አንድ በአንድ እናውጣቸው። መጨረሻ ላይ የዝንብ ድምፅ ብቻ ይቀራል። ከዚያ እሱም ይቁም። ሙዚቃ አልፈልግም።

ካሜራ፦
እሺ፣ ቀትሩን ተቀብያለሁ። እንደውም አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ወደ ሰሜን ናት። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ትክክል አናታችን ላይ ታልፋለች፤ አንዴ በሚያዝያ መጀመሪያ፣ አንዴ በነሐሴ መጨረሻ። ነሐሴ ደመና ነው። ሚያዝያ 5 አካባቢ፣ 6 ሰዓት ከ25 ገደማ፣ የቆመ ሰው ጥላ እግሩ ሥር ይገባል። ከሦስት ቀን በፊትም በኋላም ልዩነቱ በዓይን አይለይም። በቀን ግማሽ ሰዓት ያህል መቅረፅ እንችላለን። የሁሉም ልጆች ጥላ ይጠፋል። ከማዶ የቆመው መንፈስ ግን ረጅም ጥላ አለው። ምንም ሜካፕ አያስፈልገንም!

ስክሪፕት፦
ይሄማ ደንቡ ራሱ ነው። መንፈስ ደንብ ከሌለው ደራሲው እንደፈለገ የሚያደርገው ይመስላል፣ ተመልካቹም መገመት ይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን «ኢት ፎሎውስ» ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ ያ ነገር አይሮጥም፣ እየተራመደ ብቻ ይመጣል። ስለዚህ ዓይናችን ሁልጊዜ ከኋላ የሚራመድ ሰው ይፈልጋል። የኛ ደንብ በአንድ ዓረፍተ ነገር፦ ጥላ በሌለበት ሰዓት ስምህን ለጠራህ አቤት አትበል። ከዚያ በኋላ ተመልካቹ በየትዕይንቱ የሰው እግር ሥር ያያል።

ካሜራ፦
መንፈሱን የላከው ማነው ታዲያ? ዳር ላይ የምትኖር ሸክላ ሠሪ፣ ቡዳ የምትባል ብናደርጋትስ?

አማካሪ፦
ልጄ፣ ይህን በፍጹም አንጻፍ። ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ ቡዳ እየተባለ ስንት ዘመን ተገልሏል። አብሮ መብላት፣ መጋባት ተከልክሎ የኖረ ሰው አለ። እኛ በፊልም ልናድሰው አይገባም። ለታሪኩም አይጠቅምም። ጥፋተኛ ሰው ከተገኘ ፍርሃቱ ያበቃል፤ ሰዉ ዱላ ያነሳል። ያልተላከ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ነገር ይበልጣል። ጠበል ላይ የምትቀርፁት ነገር ካለም የታመሙ ሰዎችን ፊት እንዳታሳዩ።

ካሜራ፦
ልክ ነዎት ጋሼ። ይውጣ።

የ11ኛ ክፍል አባል፦
እኔ እስካሁን ዝም ያልኩት ትልልቆቹ ይጨርሱ ብዬ ነው። በነዚህ ፊልሞች ላይ ወይ ወላጅ የለም፣ ወይ ልጆቹ አይናገሩም። እኛ ግን ወላጅ አለን፣ እንናገራለንም። «ስልክ ስለምታዪ ነው»፣ «ሳትበዪ ወጥተሽ ነው» ይሉናል። ልጁ ያየውን ይናገር። እናቱ ጠበል ትውሰደው። ጎረቤት ሼኹ ይቅሩበት ትበል። አጎቱ ፓስተር ይጥራ። አባት ክሊኒክ ይውሰደው። ሁሉም ይወዱታል፣ ሁሉም ከልባቸው ይሮጣሉ። ግን «ምን አየህ?» ብሎ የሚጠይቀው አንድም ሰው አይኑር። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

ድምፅ፦
ይህን ካነበብኩ በኋላ የራሴን ሐሳብ ሁለተኛ አድርጌዋለሁ።

አማካሪ፦
ጎበዝ ልጅ። ወላጆቹ ክፉ አለመሆናቸውን አጥብቄ እደግፋለሁ። አንድ ልጨምር። «አትውረዱ» እንላለን እንጂ ለምን እንደሆነ አንነግራችሁም። «ኤ ናይትሜር ኦን ኤልም ስትሪት» ላይ ልጆቹ የሚሞቱት ወላጆች ተስማምተው በደበቁት ነገር ነው። እኛም አያትየው የምታውቀው ነገር ይኑራት፤ ዘግይታ ትናገር።

ሰብሳቢ፦
ረቂቁን እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦

«ፊልሙ የ20 ደቂቃ ሆረር ነው። አንድ ተማሪ ከጠዋት ፈረቃ ሲመለስ፣ ጥላ በሌለበት ሰዓት፣ ወንዝ ዳር ስሙ ይጠራል፤ አቤት ይላል። ቤተሰቡ ሊያድነው ይሯሯጣል እንጂ ያየውን አይጠይቀውም። የምትሰማው የክፍል ጓደኛው ናት፤ ስለሰማችው ደግሞ ተራው የሷ ይሆናል። የመንፈሱ ፊት አይታይም። ሌሊት የሚቀረፅ ትዕይንት የለም። የትኛውም ሃይማኖትና የሙያ ዘር አይወነጀልም።»

ወንዙ የፋብሪካና የከተማ ቆሻሻ ስለሚወርድበት ማንም ተዋናይ ውኃ ውስጥ አይገባም፤ ይህም ይጻፍ። ዕድሜያቸው ከ18 በታች ለሆኑት የወላጅ ፊርማ እንያዝ። ካሜራ፣ ቅዳሜ በቀትር ቦታውን ሄደህ እይልን። ጋሼ፣ የወረዳውን ፈቃድ ደብዳቤ እርስዎ ቢያዩልን።

የ11ኛ ክፍል አባል፦
«ስለሰማችው ተራው የሷ ይሆናል» የሚለው ይቀየርልኝ። እንዲያ ከሆነ ፊልሙ «አትስሙ» እያለ ነው። ስለሰማችው ሁለቱም አቤት ሳይሉ እስኪያልፍ ይቁሙ።

ስክሪፕት፦
ትክክል ናት። መጨረሻውን ዛሬ ማታ አብረን እንጻፈው፤ አንቺም ነይ።

ሰብሳቢ፦
ተቀይሯል። ነገ እስከ 11 ሰዓት ተቃውሞ ካልመጣ አትሜ አስገባለሁ።