የቧንቧና የሜካኒካል ኮድ ፈተና ልፈተን ነው፣ ከየት ልጀምር?

የሽምብጥ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ባህር ዳር ነው። ከፖሊ በሲቪል ተመርቄ ሳይት ላይ እየሰራሁ ነው። አሁን አንድ አማካሪ ድርጅት የሳኒተሪና የሜካኒካል ስራ የሚቆጣጠር ሰው ይፈልጋል፤ ለመቀጠር የጽሁፍ ፈተና አለ። ጥያቄው ከኢትዮጵያ የህንጻ ኮድ (ኢቢሲኤስ)፣ የቧንቧ ስራን ከሚመለከተው ኢቢሲኤስ 9 እና የአየር ማናፈሻን ከሚመለከተው ኢቢሲኤስ 11 ይወጣል፣ ከአሜሪካኖቹ የቧንቧ ኮድ አይፒሲ እና የሜካኒካል ኮድ አይኤምሲም ይጨመራል ብለውናል። የህንጻ አዋጁም አይቀርም። ኮዱን ይዞ መግባት ይቻላል። ሰዓቱ ግን ፋታ አይሰጥም ነው የሚባለው።

ኮንክሪትና ብረት ላይ ችግር የለብኝም። ቧንቧ ላይ ግን የማውቀው ሰራተኞች ሲገጥሙ ያየሁትን ያህል ብቻ ነው። ኮዱን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ማንበብ ያዝኩ። ሰንጠረዥ በሰንጠረዥ ላይ ነው፣ ማታ ያነበብኩት ጠዋት የለም። ሰንጠረዦቹን ልሸምድዳቸው ወይስ ሌላ መንገድ አለ? በተለይ ቬንት የሚባለው ነገር አልገባ ብሎኛል። ሜካኒካሉስ ይከብዳል? ያለፋችሁበት ሰዎች ሳትሰስቱ ንገሩኝ።

ሳኒተሪ ነኝ፦

ወንድሜ እንኳን ጠየቅክ። መጀመሪያ ሽምደዳውን ተወው። ኮድ ተይዞ የሚገባበት ፈተና ላይ ሸምዳጅ ምንም አያተርፍም። የሚያተርፈው ቁጥሩ ለምን እንደተቀመጠ የገባውና የት ገጽ ላይ እንዳለ እጁ የሚያውቅ ሰው ነው።

እኔ የምመክርህ አንድ ህንጻ እንድትመርጥ ነው። የምትሰራበት ሳይት ቢሆን ጥሩ፣ ካልሆነም የምትኖርበት ይበቃል። ጣራ ላይ ውጣና ከሮቶው ጀምረህ ውሃውን ተከተለው። በቱቦ ወርዶ ቧንቧው ጋ ሲደርስ፣ ከላቫንዲኖው ወደ ሲፎኑ ሲገባ፣ ከዚያ በቋሚው ቱቦ ወርዶ ማንሆል እስኪደርስ ድረስ። በደረስክበት ሁሉ ኮዱን ግለጥና ስለዚያች ቦታ ምን ይላል ብለህ አንብብ። እንዲህ ያነበብከው አይጠፋህም፣ ምክንያቱም ቁጥሩን ስታስብ ቦታው አብሮ ይመጣልሃል።

እስቲ ከግፊት እንጀምር። ህንጻው ጂ+4 ነው፣ አንዱ ፎቅ 3 ሜትር ነው፣ ሮቶው ከጣራው ስላብ 2 ሜትር ከፍ ብሎ ተቀምጧል እንበል። የመጨረሻው ፎቅ ሻወር ከወለሉ 2 ሜትር ላይ ነው። ስለዚህ ከሮቶው ስር እስከ ሻወሩ ያለው ከፍታ 3 ሜትር ብቻ ነው። 10 ሜትር ውሃ 1 ባር ገደማ ስለሚሰጥ ያለህ 0.3 ባር ነው። አይፒሲ ለተራ ሻወር 8 ፒኤስአይ (የአሜሪካኖቹ የግፊት መለኪያ) ይፈልጋል፣ ይህም ወደ 0.55 ባር ነው። አይበቃም። ግራውንድ ላይ ከወለሉ 1 ሜትር ከፍ ያለች ቧንቧ ግን 16 ሜትር ከፍታ አላት፣ 1.6 ባር። እዚህ ከተማ ላይኛው ፎቅ የሚኖር ሰው ሻወሩ ሲደክምበት ሮቶውን በትልቅ ይቀይራል። ትልቅ ሮቶ ብዙ ውሃ ይይዛል እንጂ ግፊት አይጨምርም። ወይ ከፍ ታደርገዋለህ ወይ ፓምፕ ትጨምራለህ። ግፊቱ በዝቶ ከ80 ፒኤስአይ ሲያልፍ ደግሞ መቀነሻ ቫልቭ ግድ ነው።

አሁን ቬንት። የላቫንዲኖህን ሲፎን ጎንበስ ብለህ እየው። እዚያ ጉብጥ ያለው ቦታ ላይ የሚቀረው ውሃ ነው ከፍሳሽ መስመሩ የሚመጣውን ሽታ የሚያግደው። አይፒሲ ይህ ውሃ ቢያንስ 2 ኢንች ቢበዛ 4 ኢንች ይሁን ይላል። ቱቦው ሞልቶ ሲወርድ ከኋላው አየር ይስባል። አየር የሚያገኝበት ከሌለ የሲፎኑን ውሃ መጥጦ ይዞት ይሄዳል፣ ሽታውም ቤት ይገባል። ቬንት ለቱቦው አየር የሚሰጥ ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

ይህ ከገባህ ሰንጠረዡ ራሱ ይገባሃል። ከሲፎኑ እስከ ቬንቱ ያለው ርቀት ለአንድ ከሩብ ኢንች ቱቦ 5 ጫማ፣ ለአንድ ተኩል 6 ጫማ፣ ለ2 ኢንች 8 ጫማ ነው። ከየት መጣ? በአንድ ጫማ ሩብ ኢንች እያዘቀዘቀ ሲሄድ ጠቅላላ ቁልቁለቱ ከቱቦው ዲያሜትር እንዳይበልጥ ነው። 1.5ን ለ0.25 አካፍል፣ 6። 2ን አካፍል፣ 8። ከዚያ ካለፈ የቬንቱ አፍ ከሲፎኑ ውሃ በታች ይሆናል፣ አየርም በጊዜው አይደርስም። ኤስ ትራፕ (በኤስ ፊደል ቅርጽ ታጥፎ ቁልቁል የሚወርድ ሲፎን) የተከለከለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሶስት ቁጥር ከመሸምደድ አንዲት ምክንያት መያዝ አይሻልም?

አንድ ነገር ልጨምር። ሐይቁ ዳር ባሉ ማረፊያዎች እንግዳ ሳያርፍበት የከረመ ክፍል ሲከፈት መታጠቢያው ይሸታል። ወዲያው ቱቦ ተሰብሯል ተብሎ ሴራሚክ ይነሳል። ብዙውን ጊዜ ግን የወለል ማፍሰሻው ሲፎን ውሃ ተንኖ ደርቆ ነው፣ አንድ ጆግ ውሃ ማፍሰስ ብቻ ይበቃል። ፈተና ላይ ይህ ውሃ እየጨመረ ሲፎኑ እንዳይደርቅ የሚያደርገው መሳሪያ ምንድን ነው ተብሎ ይመጣል። ትራፕ ፕራይመር ነው።

የድሮ ቧንቧ ሰራተኛ፦

ልጄ፣ መጽሐፉን እሷ በደንብ ነግራሃለች። እኔ ስለ መሬቱ ልንገርህ። ሽምብጥን ታውቀዋለህ። በክረምት ቁፋሮ ስትጀምር ውሃው ይቀድምሃል። ሐይቁ ዳር ያለ ቦታ ሁሉ እንዲሁ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የፍሳሽ ማስረጊያ ጉድጓድ ብትቆፍር ፍሳሹ የሚሰርግበት ደረቅ አፈር የለም፤ ከከርሰ ምድሩ ውሃ ጋር ተገናኝቶ የጎረቤት ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ኢንስፔክተር ከሆንክ ስዕሉን ከመፈረምህ በፊት ውሃው በክረምት እስከየት እንደሚወጣ ጠይቅ፣ በበጋ የታየ ጉድጓድ አያሳምንህ።

ሌላው ሰፕቲክ ታንክ ነው። ባዶውን ክረምት ካገኘው ይንሳፈፋል። ሲሚንቶ እንዴት ይንሳፈፋል ብለው የሚከራከሩ አሉ፣ ይንሳፈፋል ልጄ፣ ከተነሳ ደግሞ የገባበትን ቱቦ ሁሉ ሰብሮ ነው የሚነሳው።

በመጨረሻ፣ የፍሳሽ ቱቦ ሳይሞከር አፈር አይልበስ። ውሃ ሞልተህ ጠብቅ። ኮንትራክተሩ ቸኩያለሁ ቢልህም አትስማው፣ ከተሸፈነ በኋላ የሚገኝ ማፍሰስ ወለል ያስቆፍራል።

ሳኒተሪ ነኝ፦

የጋሼን ነገር በቁጥር ላግዝህ፣ ለፈተና ጥሩ ልምምድ ነው። ከውጭ ሲለካ 3 በ2 በ2 ሜትር የሆነ ታንክ 12 ሜትር ኩብ ነው። የከርሰ ምድሩ ውሃ እስከ አናቱ ከደረሰ ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል 12 ቶን ነው። ወለሉም ግድግዳውም ክዳኑም 15 ሳንቲ ኮንክሪት ከሆነ የኮንክሪቱ መጠን 4.2 ሜትር ኩብ ገደማ ይመጣል። በኮንክሪት ክብደት፣ በሜትር ኩብ 2.4 ቶን፣ ስታባዛው 10 ቶን። 12 ይበልጣል፣ ታንኩ ይነሳል። 20 ሳንቲ ብታደርገው 12.8 ቶን ይሆናል፣ ለጥቂት ይቀመጣል። ለጥቂት የሚባለው ግን ለዲዛይን አይበቃም፣ ወለሉን ወደ ውጭ አስወጥተህ አፈር እንዲጫነው ማድረግ ነው።

ሙከራውም ኮዱ ውስጥ አለ። በአይፒሲ የፍሳሽ መስመር በውሃ ሲሞከር ከላይ 10 ጫማ የውሃ ከፍታ ተይዞ ለ15 ደቂቃ ሳያፈስ መቆየት አለበት።

ዳክት፦

ሜካኒካሉን እኔ ልውሰደው። አያስፈራህ፣ ከቧንቧው ያጥራል። ግን ሰዎች ለመጨረሻ ቀን እየተዉት ነው የሚወድቁበት።

መጀመሪያ የት እንዳለህ እወቅ። ባህር ዳር ከባህር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፣ የአየሩ ግፊት ባህር ዳርቻ ላይ ካለው በ20 በመቶ ገደማ ያንሳል። ይህ ፓምፕ ላይ በቀጥታ ይመጣል። ባህር ወለል ላይ ፓምፕ ውሃ መምጠጥ የሚችለው በንድፈ ሐሳብ 10.3 ሜትር ነው፤ እዚህ 8.3 አካባቢ ነው። በቱቦና በፉትቫልቭ (መምጠጫው ቱቦ ጫፍ ላይ ያለው ቫልቭ) የሚባክነው ሲቀነስ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። ከሐይቁ ወይም ከጉድጓድ ውሃ የሚስብ ፓምፕ ካታሎግ ላይ ያለውን ቁጥር እንዳለ ወስዶ የሚያስገባ ሰው ብዙ ነው። ፋንም እንዲሁ፣ የሚነዳው አየር ስስ ስለሆነ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ይቀንሳል።

ቦይለር ላይ በእርግጠኝነት ጥያቄ ይመጣል። የደህንነት ቫልቩ በ150 ፒኤስአይ ወይም በ99 ዲግሪ ይከፈታል። እዚህ ከተማ ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ቫልቩ ሲከፈት የሚወጣው ውሃ ወዲያው እንፋሎት ይሆናል፣ ሰው ያቃጥላል። የማስወጫ ቱቦው ላይ የተቀመጡት ክልከላዎች ሁሉ ከዚህ ይመጣሉ። ቫልቭ አይገጠምበትም። ጫፉ ጥርስ አይኖረውም፣ ጥርስ ካለው አንድ ቀን ሰው ይደፍነዋል። ከቫልቩ መውጫ አይጠብም። ቁልቁል ይሄዳል፣ ከወለሉ ከ6 ኢንች በላይ ከፍ ብሎ አያልቅም። ሳይት ላይ ይህ ቱቦ ወደ ላይ ታጥፎ ካየህ አትፈርም።

የመታጠቢያ ቤት ፋን ወደ ውጭ ነው የሚያስወጣው፣ ኮርኒስ ውስጥ አይደለም። እዚህ ክረምት ላይ እርጥበቱ ከባድ ስለሆነ ኮርኒስ ውስጥ የተለቀቀ እንፋሎት ሻጋታ ነው የሚሆነው። አይኤምሲ የሚጠይቀው ሲፈለግ ብቻ ለሚሰራ ፋን 50 ሲኤፍኤም (በደቂቃ ኩቢክ ጫማ አየር)፣ ሳይቋረጥ ለሚሰራ 20 ነው። ንጹህ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ደግሞ ከቬንት አፍና ከጭስ መውጫ 10 ጫማ ይራቅ።

ወጥ ቤት ላይ ዓይነት አንድና ዓይነት ሁለት ሁድ (ከምድጃው በላይ የሚገጠም ጭስ ሳቢ) ለይ። ዓሳ በዘይት የሚጠበስበት ምድጃ ቅባትና ጭስ ስላለው ዓይነት አንድ ነው፣ እንፋሎትና ሙቀት ብቻ ላለው ዓይነት ሁለት ይበቃል። የቅባት ዳክት (ከሁዱ ጭሱን የሚያስወጣው የአየር ቱቦ) ወደ ሁዱ ያዘቀዝቃል፣ በአንድ ጫማ ሩብ ኢንች። ምክንያቱም ዳክቱ ውስጥ የተጠራቀመ ቅባት እሳት ያገኘው ቀን ህንጻውን ይዞ ይሄዳል። ይህን በደንብ አንብበው፣ የሰው ህይወት ያለበት ክፍል ነው።

የመለኪያ ነገርም አለ። ኢቢሲኤስ በሜትር ነው፣ አይፒሲ ስታነብ ግን ጫማና ኢንች ውስጥ ነህ። 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ፣ 1 ጫማ 30.5 ሳንቲ፣ 1 ቶን ማቀዝቀዣ (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ ነው) 3.517 ኪሎዋት። እነዚህን ብቻ ሸምድድ። በጥያቄው መካከል መለኪያ ለመቀየር የሚባክነው ጊዜ ነው ሰው የሚጥለው።

የሽምብጥ ልጅ፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ጋሼ በተለይ እርስዎን አመሰግናለሁ፣ የከርሰ ምድሩን ውሃ ጉዳይ ስዕል ላይ የሚያየው የለም። ቬንቱ አሁን ገባኝ፣ ማካፈሏ ናት የከፈተችልኝ።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ከአዋጁ ምን ላንብብ? ሁለተኛ፣ ይህን ሰርቼ ነበር፣ እዩልኝ። በአንድ አግድም ቱቦ ላይ ሁለት መታጠቢያ ቤት አለ፣ እያንዳንዱ አንድ ሽንት ቤት፣ አንድ ላቫንዲኖ፣ አንድ ሻወር። በአይፒሲ የፍሳሽ ዩኒት (እያንዳንዱ ዕቃ ወደ ቱቦው የሚጥለው ጭነት መለኪያ) 3 ሲደመር 1 ሲደመር 2፣ ስድስት። ለሁለቱ 12። ሰንጠረዡ ላይ ባለ 2.5 ኢንች አግድም ቅርንጫፍ እስከ 12 ይይዛል። ስለዚህ 2.5 ኢንች በቃ አልኩ።

ሳኒተሪ ነኝ፦

ከአዋጁ የህንጻ ምድቦቹን እወቅ። በአዋጅ ቁጥር 624/2001 እንዲህ ነበር የተመደቡት። ምድብ ሀ ባለ አንድ ፎቅ ሆኖ በሁለት ተሸካሚዎች መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ነው። ከ7 የሚበልጥ ወይም ባለ ሁለት ፎቅና ከዚያ በላይ ሆኖ ምድብ ሐ ውስጥ የማይገባ ለ ነው። ህዝብ የሚጠቀምበት፣ ፋብሪካ፣ ወይም ከመሬት ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝም ሐ ነው። ቅድም ያሰላነው ጂ+4 በ15 ሜትሩ በዚያ አዋጅ ምድብ ሐ መሆኑን ልብ በል።

ሂሳቡን ጥሩ አድርገህ ነው የደመርከው፣ መልሱ ግን 3 ኢንች ነው። ሽንት ቤት የተገናኘበት ቱቦ ከ3 ኢንች አያንስም፣ ዩኒቱ ስንትም ይሁን። ፈታኞች ሆን ብለው ድምሩን 12 ላይ ያሳርፉታል፣ ሰንጠረዡን ብቻ ያየ ሰው 2.5 ብሎ ያልፋል። ሌላም አለ። ሽንት ቤት፣ ላቫንዲኖና ሻወር አንድ ቤት ውስጥ አብረው ካሉ አይፒሲ ሶስቱን እንደ አንድ ቡድን ቆጥሮ 5 ነው የሚሰጣቸው፣ ስለዚህ የሁለቱ ድምር 10 ነው። ሰንጠረዥ ስታይ ከስሩ በትንንሽ ፊደል የተጻፉትን ማስታወሻዎች ሳታነብ ገጹን አትግለጥ። ባለ 3 ኢንቹ እስከ 20 ዩኒት ይይዛል፣ ቁልቁለቱን በጫማ አንድ ስምንተኛ ኢንች ልታደርገው ትችላለህ። አሁን ሶስተኛ መታጠቢያ ቤት ጨምርበትና እንደገና ስራው፣ ያገኘኸውን እዚሁ ጻፍልኝ።